ከሲሌዥያ የተገኘው ሪል፦ የአንድ የፖላንድ ጃዝ ሮክ ምሽት ቀረጻን የማዳን ሥራ ማስታወሻ

ሰኞ

ሪሉ፣ ማለትም የማግኔት የድምፅ ክር የተጠቀለለበት ጎማ፣ 15 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የቤት ቴፕ ነው። በካርቶን ሣጥኑ ጀርባ ላይ በእርሳስ የተጻፉት ጥቂት የፖላንድኛ ቃላት በአንድ ክበብ ውስጥ ያለ ዝግጅት የተጫወቱ ሙዚቀኞች መቀረጻቸውን ይናገራሉ እንጂ ቀን፣ የባንድ ስም ወይም የተጫዋች ስም አይጠቅሱም። ሪሉን ያስረከቡኝ ወይዘሮ እንዳስረዱኝ ቀራጩ ታላቅ ወንድማቸው ነበሩ። በ1970ዎቹ (በዚህ ማስታወሻ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በደቡብ ፖላንድ በምትገኘው በሲሌዥያ በአንድ የድንጋይ ከሰል ማዕድን የባህል ቤት ውስጥ የድምፅ መሣሪያዎችን ይቆጣጠሩ ነበር። እሳቸው ካረፉ በኋላ ሪሉ በመኖሪያ ሕንፃው ምድር ቤት ባለው የዕቃ ክፍል ውስጥ፣ ከቀለም ቆርቆሮና ከብስክሌት ጎማ ጋር፣ ለብዙ ዓመታት ተቀምጦ ቆይቷል። ወይዘሮዋ ከእኔ የጠየቁት ነገር አጭር ነበር፤ «ወንድሜ በዚያ ምሽት የሰማውን መስማት እፈልጋለሁ» አሉኝ። ሥራውን የምመራበት ደንብ ከዚህ የተሻለ ሆኖ ሊነገረኝ የሚችል አይመስለኝም።

ይህን ማስታወሻ የምጽፈው ከድምፅ ፋይሎቹ ጋር አብሮ እንዲቀመጥ ነው። በኖታ የተጻፈ ሙዚቃ ቀረጻው ቢጠፋም ኖታው ይቀራል፤ በስቱዲዮ የተሠራ ሥራም ብዙውን ጊዜ ሌላ ሙከራ ወይም ሌላ ቅጂ ይኖረዋል። ሳይጻፍና ሳይለማመዱት መድረክ ላይ የተፈጠረ ሙዚቃ ግን፣ በቅኔ ቤት ትናንት የተዘረፈ ቅኔ ዛሬ እንደ አዲስ እንደማይቀርበው ሁሉ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ሆኖ የሚያልፍ ነገር ነው። ስለዚህ በዚህ ክር ላይ ምን እንደነካሁና ምን እንደተውሁ፣ ከእኔ በኋላ የሚመጣ ሰው መልሶ ሊፈትሸው በሚችል መንገድ መመዝገብ ይኖርበታል።

ማክሰኞ

ክሩን ከማንቀሳቀሴ በፊት ጥቅሉን በጎኑ ወደ መብራት አቅርቤ ተመለከትሁት። ከአሲቴት የተሠራ ክር እንዲህ ሲታይ ብርሃን ያሳልፋል፣ ከፖሊስተር የተሠራው ግን አያሳልፍም፤ ይህኛው አያሳልፍም። የኮምጣጤ ሽታም የለውም። ይህ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ምክንያቱም አሲቴት ሲያረጅ አሲድ እየለቀቀ ይሸበሸባል፣ ይሰባበራልም። ፖሊስተር ደግሞ ዕድሜን የበለጠ ይታገሣል፤ ጉዳቱ ሲጎተት ከመበጠስ ይልቅ መለጠጡ ነው። በክሩ መሪ፣ ማለትም በመነሻው ላይ ባለው ባዶ ቁራጭ፣ ላይ የምሥራቅ ጀርመኑ የኦርቮ ፋብሪካ ምልክት አለ፤ የቮልፈን ከተማ ክሮች በዚያ ዘመን በፖላንድ ከጎዡፉ የስቲሎን ፋብሪካ ምርቶች ጋር ጎን ለጎን በሰፊው ይሠራባቸው ነበር።

አንድ የሙያ ባልደረባዬ ክሩን በዝቅተኛ ሙቀት ማድረቂያ ውስጥ እንዳቆየው መከረኝ። ይህ ሕክምና፣ በ50 ዲግሪ ገደማ ለብዙ ሰዓታት ማሞቅ፣ የሚያስፈልገው ማጣበቂያው እርጥበት ስቦ ለተለጠፈና በተለይም ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ለተሠሩ አንዳንድ የአሜሪካ ክሮች ነው። የእኛው ክር በጀርባው ሽፋን የሌለው የቤት ክር ነው፣ ድምፁን ከክሩ ላይ በሚያነበው የማጫወቻው ሄድ ላይም ምንም ቡናማ ዱቄት አልተወም፤ ስለዚህ አላሞቅሁትም። የማይታመም አካልን ማከም ጉዳት ነው።

ከጥቅሉ ጥቂት ንብርብሮች ወደ ላይ ወጥተው ጠርዛቸው ተጨማድዷል። ክሩ ቀድሞ ተቆርጦ በተቀጠለባቸው ቦታዎች ላይ ያለው የማጣበቂያ ሙጫ ደርቆ ስለነበር፣ አሮጌውን በጥንቃቄ አንሥቼ በአዲስ የመቀጠያ ቴፕ ተካሁት። ከዚያም ክሩን ከአንዱ ጎማ ወደ ሌላው በዝግታ እያመላለስሁ አጠነጠንሁት። ይህ ማመላለስ ሁለት ጥቅም አለው፤ ጥቅሉን እኩል ያደርጋል፣ ከንብርብር ወደ ንብርብር የተላለፈውን የማግኔት ጥላም በመጠኑ ያዳክማል። ስለዚህ ጥላ ወደ ፊት በሰፊው እጽፋለሁ።

ረቡዕ

ቀራጩ ይጠቀሙበት የነበረው መሣሪያ በቤተሰቡ ፎቶግራፍ ላይ ይታያል፤ በዋርሶው የካስፕሻክ ፋብሪካ በጀርመኑ ግሩንዲግ ፈቃድ ይመረት የነበረው ዜድካ 140 ነው። መሣሪያው አንድ ፍጥነት ብቻ አለው፣ በሰከንድ 9.53 ሴንቲ ሜትር፤ በክሩ ላይ የሚጽፈውም በሞኖ በአራት ትራክ፣ ማለትም ጎን ለጎን በሚሄዱ አራት መስመሮች፣ ነው። የክሩ ጠቅላላ ስፋት 6.3 ሚሊ ሜትር በመሆኑ ለእያንዳንዱ ትራክ የሚደርሰው 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በእንደዚህ ያለ ጠባብ መስመር ላይ አንዲት የአቧራ ቅንጣት እንኳ ድምፁን ለቅጽበት ልትሰውረው ትችላለች።

ለማጫወቻ የመረጥሁት አራት ትራክ ማንበብ የሚችል ሬቮክስ ቢ77 ነው። ምርጫው ሁለት ምክንያቶች አሉት። የመጀመሪያው፣ የሬቮክሱ ሞተር ፍጥነት በኤሌክትሮኒክስ የሚስተካከል በመሆኑ ከግድግዳው የሚመጣው የኤሌክትሪክ ድግግሞሽ ቢዋዥቅ እንኳ አብሮ አይዋዥቅም። ሁለተኛው፣ የስቴሪዮ ሄዱ ግራ ቻናል ትራክ 1ን፣ ቀኝ ቻናል ደግሞ ትራክ 3ን ስለሚያነብ፣ በአንድ አቅጣጫ የተቀረጹትን ሁለት ትራኮች በአንድ ጊዜ ማንሣት ይቻላል፤ ሪሉ ሲገለበጥ ደግሞ ትራክ 4 እና ትራክ 2 ይገኛሉ። ክሩ በሄዱ ላይ በተቻለ መጠን ጥቂት ጊዜ ብቻ ማለፉ ለዕድሜው ይጠቅማል።

የሄዱን ዘንበል ያስተካከልሁት በድራሙ የነሐስ ሳህኖች ድምፅ እየተመራሁ ነው። የመቅረጫው ሄድ ከማጫወቻው ሄድ ጋር በጥቂቱ እንኳ ካልተመሳሰለ የላይኛው ድምፅ ይደበዝዛል፤ በትክክል ሲገጥም ግን ሳህኑ በዱላ ሲነካ የሚሰማው ጠርዝ ወዲያውኑ ይወጣል። በዚህ ፍጥነት የላይኛውንና የታችኛውን ድምፅ መጠን የሚያመጣጥነው መደበኛ ማስተካከያ 3180 እና 90 ማይክሮ ሰከንድ ነው። ወደ ኮምፒዩተር የገባው በ24 ቢትና በ96 ኪሎ ኸርዝ ሲሆን፣ በዚህ ደረጃ ምንም ዓይነት ማጽጃ አልተነካም።

ሐሙስ

የሪሉ ይዘት ታወቀ። በትራክ 1 ላይ የኮንሰርቱ የመጀመሪያ ክፍል፣ 54 ደቂቃ ገደማ፣ ያለ ማቋረጥ ተቀርጿል፤ ከዚያ በኋላ በድንገት አንድ የቆየ የሬዲዮ ቀረጻ ይከተላል። በትራክ 4 ላይ ሁለተኛው ክፍል አለ፤ እሱ ግን የሚያበቃው ሙዚቀኞቹ ስላቆሙ አይደለም፣ ክሩ ስላለቀ ነው። ትራክ 3 ሙሉ በሙሉ ከሬዲዮ የተቀዳ ነው። ትራክ 2 ባዶ ነው። ሪሉ የያዘው 360 ሜትር ክር በመሆኑ በዚህ ፍጥነት እያንዳንዱ ትራክ አንድ ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ይይዛል፤ ቁጥሩ ከሰማሁት ጋር ይስማማል።

ዓርብ

ዛሬ ምንም ሳልሠራ አዳመጥሁ። ማዳመጡ ራሱ ሥራ ነው፤ ምን እንደሚጠበቅ ሳይታወቅ ምን እንደሚጸዳ መወሰን አይቻልም።

ማይክሮፎኑ አንድ ብቻ እንደነበረ ግልጽ ነው፤ ለኤሌክትሪክ ፒያኖው ማጉያ ቅርብ፣ ከቤዝ ጊታሩ ግን ራቅ ብሎ ተቀምጧል። ቤዝ ጊታሩ ብቻውን፣ በሰባት ምት የሚዞር አጭር ሐረግ ይዞ ይጀምራል። ኤሌክትሪክ ፒያኖው ሐረጉን ይሰማል፣ አይደግመውም፤ ከጎኑ ሁለት ድምፆችን ብቻ አኑሮ ዝም ይላል። ድራመሩ ረጅም ጊዜ ይጠብቃል። በመጨረሻ ሲገባ የመጀመሪያው ምቱ የቀራጩን መሣሪያ ከአቅሙ በላይ ስላጮኸው ድምፁ ይሰነጠቃል፣ ወዲያውም ደረጃው ዝቅ ይላል፤ በዚህች ቅጽበት በእጃቸው ቁልፉን ወደ ኋላ ሲመልሱ የነበሩትን ሰው በጆሮ ማየት ይቻላል። ጊታሩ ከሮክ የመጣ ነው፣ ድምፁ የተጎረበጠና ረጅም ነው፤ የፒያኖው እጅ ግን ከጃዝ የመጣ ነው፤ የምሽቱ ትልቁ ጥያቄ እነዚህ ሁለቱ የት ላይ እንደሚገናኙ ነው። ከ20ኛው ደቂቃ በኋላ ጊታሩ አምስት ድምፅ ያለው አንድ ሐረግ ይጥላል፤ ማንም አያነሣውም። ከብዙ ጊዜ በኋላ ቤዝ ጊታሩ ያንኑ ሐረግ በታችኛው ድምፅ ይዞት ብቅ ሲል፣ ድራመሩ ወዲያው ምቱን በግማሽ ያዘገየዋል፣ ፒያኖውም ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ኮርድ ይጫወታል። ይህ አስቀድሞ የተስማሙበት ነገር አይደለም፤ ቢሆን ኖሮ ሐረጉ በመጀመሪያ ሲጣል አንዱ ያነሣው ነበር። ሁለተኛው ክፍል ላይ አንድ ትራምፔት ይጨመራል። ተጫዋቹ ሲያስተካክል ይሰማል፣ ከታዳሚው መካከል ጭብጨባ ይነሣል፤ ከዚያ በኋላ አራቱም ለእሱ ቦታ ለመተው አጨዋወታቸውን ሲቀንሱ ይሰማል።

እንደዚህ ያለ ሙዚቃ በዚያ አካባቢ መገኘቱ ድንገተኛ አይደለም። በፖላንድ ጃዝ በስታሊን ዘመን በየመኖሪያ ቤቱ ተደብቆ የቆየና ሰዎች «የካታኮምብ ዘመን» ብለው የሚጠሩትን ጊዜ ያሳለፈ ሲሆን፣ ከ1956 የፖለቲካ ለውጥ በኋላ ወደ አደባባይ ወጥቶ በ1958 የጃዝ ጃምቦሪ ፌስቲቫልን እስከ ማቋቋም ደርሷል። በካቶቪትሴ የሙዚቃ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ውስጥ የጃዝና የመዝናኛ ሙዚቃ ትምህርት ክፍል የተከፈተው በ1968 ነው፤ በአገሪቱ የመጀመሪያው ነበር። ከዚያው ከማዕድን ቀበሌ፣ ከሸሚያኖቪትሴ ከተማ፣ ዩዜፍ ስክሼክ በ1971 «ሳይሌዥያን ብሉዝ ባንድ»ን መሠረተ፤ ከእሱ ጋር ጊታሪስቱ አፖስቶሊስ አንቲሞስ፣ ከእርስ በርስ ጦርነት ሸሽተው ወደ ፖላንድ ከገቡ የግሪክ ስደተኞች ቤተሰብ የተወለደው፣ እና ድራመሩ የዢ ፒዮትሮቭስኪ ነበሩ። ሦስቱ ለተወሰነ ጊዜ ከታዋቂው ዘፋኝ ከቼስዋፍ ኒየመን ጋር ሠርተው፣ ከዚያ ኤስቢቢ በሚለው ስም ራሳቸውን ችለው ወጡ።

ለእኔ ትልቅ ትርጉም ያለው የእነሱ የመጀመሪያ አልበም ስቱዲዮ ውስጥ አለመሠራቱ ነው። ሚያዝያ 1974 በዋርሶው የስቶዶዋ የተማሪዎች ክበብ፣ በሕዝብ ፊት የተቀረጸ ነው፤ የሁለተኛውን ገጽ አብዛኛውን ክፍል አንድ ረጅም ሥራ ይዞታል። የመንግሥት የሸክላ አሳታሚ ድርጅት የነበረው ፖልስኪየ ናግራኒያ አንድን አዲስ ባንድ በእንዲህ ዓይነት ቀረጻ ለማስተዋወቅ መስማማቱ፣ ይህ ሙዚቃ ትክክለኛ ቤቱ መድረኩ እንደሆነ የተረዱ ሰዎች እንደነበሩ ያሳያል። የክራኮው ባንድ ላቦራቶሪዩምም እንዲሁ በክበብ ውስጥ የተቀረጹ አልበሞችን ትቷል። ነገር ግን በሸክላ የወጣው ከተጫወቱት በጣም ጥቂቱ ነው፤ አንድ የሸክላ ገጽ 20 ደቂቃ ከትንሽ ብቻ ይይዛል፣ በየሳምንቱ በየክበቡና በየባህል ቤቱ ይፈጠር የነበረው ግን ለሰዓታት ይዘልቅ ነበር። የቀረው ሁሉ ያለው እንደዚህ ባሉ የቤት ሪሎች ላይ ነው፣ ያውም ሪሎቹ ካልተጣሉ።

ሪሉን የሰሙ ሰዎች ወዲያው «ኤስቢቢ ነው» ማለት ጀምረዋል። እኔ ይህን አልጽፍም። ኤስቢቢ ሦስት ሰው ነበር፣ እዚህ አራት ሰው ከመጀመሪያው ጀምሮ ይጫወታል፤ ስክሼክ ቤዝ ጊታርንም ኪቦርድንም እየቀያየረ ይጫወት የነበረ ሲሆን፣ በዚህ ሪል ላይ ግን ሁለቱ መሣሪያዎች በአንድ ጊዜ በሁለት ሰው እጅ ይሰማሉ። ከዚህ ሁሉ በላይ፣ ቀረጻው ዋጋ እንዲኖረው ታዋቂ ስም ያስፈልገዋል የሚለውን ሐሳብ አልቀበልም። አራት ስማቸው ያልተጻፈ ወጣቶች ይህን ያህል እየተደማመጡ መጫወታቸው ስለዚያ ዘመን የሲሌዥያ ሙዚቃ የሚነግረን ነገር አንድ ተጨማሪ የታዋቂ ባንድ ቀረጻ ከሚነግረን ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

ሰኞ

የፍጥነት ጉዳይ። ሙሉ ቀኑን የወሰደ፣ ደግሞም የሥራው እምብርት የሆነ ጥያቄ ነው።

ኤሌክትሪክ ፒያኖው ከፍ ብሎ ይሰማል። መሣሪያዎች የሚቃኙበት ላ የተባለው ድምፅ መደበኛ ልኩ 440 ኸርዝ ሲሆን፣ በኮንሰርቱ መጀመሪያ ላይ የሚለካው ግን 444 ገደማ ነው፤ ይህም አንድ በመቶ ያህል ልዩነት ነው። የመጀመሪያው ግምት የቀራጩ መሣሪያ በዝግታ ይዞር ስለነበር አሁን በትክክለኛው ፍጥነት ሲጫወት ድምፁ ከፍ ይላል የሚለው ነው። ለማረጋገጥ የተለመደው ዘዴ ከኤሌክትሪክ መስመር የሚመጣውን ጉምጉምታ መለካት ነው፤ የፖላንድ መስመር 50 ኸርዝ በመሆኑ፣ መሣሪያው ቀርፋፋ ከነበረ ጉምጉምታውም ከ50 በላይ ሆኖ መገኘት አለበት። ነገር ግን ጉምጉምታው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በ50 ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ አቁሞ «ፍጥነቱ ትክክል ነው፣ ፒያኖው ነው የተቃኘው ከፍ ብሎ» ይል ነበር። ሆኖም አንድ ነገር መታየት አለበት። የዜድካው ሞተር ኃይሉን ብቻ ሳይሆን የመዞሪያ ፍጥነቱንም የሚያገኘው ከዚያው ከኤሌክትሪክ መስመር ነው። በዚያ ዘመን የፖላንድ የኃይል መረብ በምሽት ጭነት ጊዜ ድግግሞሹ ከ50 በታች ይወርድ ነበር። መስመሩ ወደ 49.5 ቢወርድ፣ ጉምጉምታው በ49.5 ይሆናል፣ ሞተሩም በዚያው አንድ በመቶ ይዘገያል፤ ከዚያም ክሩ ዛሬ በትክክለኛው ፍጥነት ሲጫወት ሁለቱ ስሕተቶች እርስ በርሳቸው ተጣፍተው ጉምጉምታው እንደገና 50 ሆኖ ይሰማል። ሙዚቃው ግን ከመስመሩ ጋር አልወረደም፣ ስለዚህ አንድ በመቶ ከፍ ብሎ ይቀራል። በሌላ አነጋገር ጉምጉምታው በዚህ ጉዳይ ላይ ምስክር መሆን አይችልም፤ ከተከሳሹ ጋር አብሮ የዋዠቀ ነውና።

የሚፈለገው ምስክር ከመስመሩ ነጻ የሆነ መሣሪያ ነው። ሃሞንድ ኦርጋን ቢሆን ኖሮ አይጠቅመንም ነበር፤ የእሱ ድምፅ ሰጪ ጎማዎች የሚዞሩት ከመስመሩ ጋር በተሳሰረ ሞተር ስለሆነ እሱም አብሮ ይወርዳል። ኤሌክትሪክ ፒያኖ ግን ድምፁን የሚያገኘው በመዶሻ ከሚመቱ የብረት ዘንጎች ነው፤ የዘንጎቹን ቅኝት ኤሌክትሪኩ አይለውጠውም። እናም ከፒያኖው ላ ድምፅ የሚሰማበትን ቦታ ሁሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለካሁ። በመጀመሪያው ክፍል መግቢያ 444 የነበረው፣ በክፍሉ መጨረሻ ላይ ወደ 441 ዝቅ ይላል፤ በሁለተኛው ክፍል ደግሞ እዚያው አካባቢ ይቆያል። ፒያኖው በመሐል ራሱን ሊቃኝ አይችልም። ሞተሩ በሌላ ምክንያት፣ ለምሳሌ በክሩ ውጥረት፣ ፍጥነቱን ለውጦ ቢሆን ኖሮ ጉምጉምታው ከ50 ይወጣ ነበር፤ አልወጣም። የሚቀረው ማብራሪያ አንድ ነው። ኮንሰርቱ የጀመረው የምሽቱ ጭነት ከፍተኛ በነበረበት ሰዓት ነው፤ ሰዓቱ እየመሸ ሲሄድ፣ ቤቶች መብራታቸውን ሲያጠፉ፣ መስመሩ እያገገመ መጣ፣ ቀራጩ መሣሪያም ከእሱ ጋር ፈጠነ።

ስለዚህ በማዳመጫ ቅጂው ላይ ፍጥነቱን በፒያኖው እየተመራሁ አስተካከልሁ፤ በመጀመሪያ አንድ በመቶ፣ ከዚያም ቀስ በቀስ እየቀነሰ። የመጀመሪያው ክፍል በጠቅላላው ሃያ ሰከንድ ገደማ ረዘመ። ይህ ትርፍ ጊዜ ከእኔ የተጨመረ አይደለም፤ በዚያ አዳራሽ ውስጥ በእውነት ያለፈ፣ ክሩ ግን ያሳጠረው ጊዜ ነው። የድራመሩ የመጀመሪያ መጠበቅ አሁን የሚዘልቀው እሱ የጠበቀውን ያህል ነው።

ረቡዕ

የቀኑ ጉዳይ። በትራክ 1 መጨረሻ፣ ኮንሰርቱ ሲቆም የሚሰማው የሬዲዮ ቀረጻ በክሩ ላይ ቀድሞ የነበረ ነው፤ አዲሱ ቀረጻ ሲደረብ ማጥፊያው ሄድ የደረሰበትን ያህል አጥፍቶ፣ ያልደረሰበት እንዳለ ቀርቷል። በዚያ ቅሪት ውስጥ ተንታኙ ስለ ቮይቺየክ ፎርቱና የሳፖሮ ድል ይናገራል። ፎርቱና በትልቁ የበረዶ ዝላይ ለፖላንድ የመጀመሪያውን የክረምት ኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘው የካቲት 11 ቀን 1972 ነው። ስለዚህ ኮንሰርቱ ከዚያ ቀን በኋላ መሆኑ የማያከራክር ነው።

የኋለኛው ገደብ ግን እንዲህ ጠንካራ አይደለም። ትራክ 3 ላይ ያለው የሬዲዮ ቅጂ ፖላንድ ብራዚልን 1 ለ 0 አሸንፋ በዓለም ዋንጫ ሦስተኛ ስለወጣችበት ጨዋታ ይናገራል፤ ጨዋታው የተደረገው ሐምሌ 6 ቀን 1974 ነው። የአራት ትራክ ቴፕ የሚጠቀሙ ሰዎች ትራኮቹን ብዙውን ጊዜ በቅደም ተከተል ስለሚሞሉ፣ ትራክ 1 እና 4 ከትራክ 3 ቀድመው ተሞልተው ሊሆን ይችላል። ይህ ግን ልማድ እንጂ ማስረጃ አይደለም፤ ቀራጩ በ1976 ትራክ 1ን ደግመው ቢጠቀሙበት ኖሮ በክሩ ላይ የሚታይ ልዩነት አይኖርም ነበር። በመዝገቡ ላይ የጻፍሁት «ከየካቲት 1972 በኋላ፣ ምናልባትም ከሐምሌ 1974 በፊት» የሚል ነው። የኮንሰርቱ ወዳጆች ከዚህ የተሳለ ቀን ይፈልጋሉ፤ ሪሉ የሚሰጠው ግን ይህንን ነው።

እነዚህን የሬዲዮ ቅሪቶች ከኮንሰርቱ ፋይል ላይ ቆርጦ መጣል ቀላል ነበር። ባደርገው ኖሮ የቀኑን ብቸኛ ምስክር አብሬ በጣልሁ ነበር። በዋናው ፋይል ውስጥ ሁሉም እንዳለ ተቀምጧል።

ሐሙስ

ከማጽዳት በፊት አንድ መለያ ያስፈልጋል፤ የተጠቀምሁበት የወይዘሮዋን ቃል ነው። ወንድማቸው በአዳራሹ ውስጥ የሰሙት ነገር ይቀራል፤ ክሩና መሣሪያው በኋላ የጨመሩት ነገር ግን፣ ሙዚቃውን ሳይጎዳ መውጣት ከቻለ፣ ይወጣል።

በዚህ መለያ ጉምጉምታው ለሁለት ይከፈላል። ጊታሪስቱ ድምፁን ሲጨምር አብሮ የሚጨምር፣ ሲቀንስ አብሮ የሚቀንስ፣ በ100 እና በ150 ኸርዝም የሚሰማ ክፍል አለ፤ ይህ ከጊታሩ ማጉያ የወጣ ነው፣ ታዳሚው ሁሉ ሰምቶታል፣ ስለዚህ አልነካሁትም። ከበታቹ ደግሞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይለወጥ የሚዘልቅ ቀጭን ክፍል አለ፤ ይህ የቀራጩ መሣሪያ ነው፣ በጥንቃቄ ተቀንሷል። የክሩን ሽውታ ግን ተውሁት። በሁለተኛው ክፍል ትራምፔቱ ሊገባ ሲል የሚተነፍሰው ትንፋሽ ከሽውታው ጋር በአንድ ከፍታ ላይ ያለ በመሆኑ አንዱን ለማስወገድ የተደረገ ሙከራ ሁሉ ሌላውንም ይበላል።

በጣም ያደከመኝ የማግኔት ጥላ ነው። ክሩ ተጠቅልሎ ለአሥርተ ዓመታት ሲቀመጥ ከፍተኛ ድምፅ ያለበት ንብርብር በጎኑ ባለው ንብርብር ላይ ደካማ ግልባጩን ያሳርፋል። የጊዜው ርቀት ጥቅሉ በዚያ ቦታ ላይ ካለው ዙሪያ ጋር እኩል ነው፤ በጥቅሉ መሐል፣ ዙሪያው 33 ሴንቲ ሜትር ገደማ በሆነበት፣ ጥላው ከዋናው ድምፅ በሦስት ሰከንድ ተኩል ቀድሞ ይሰማል። ሪሉ የተቀመጠው መጀመሪያው ከላይ ሆኖ በመሆኑም ቀድሞ የሚመጣው ጥላ ከኋላ ከሚከተለው ይበልጣል፤ ቤተ መዛግብት ክሮችን መጨረሻቸው ከላይ ሆኖ የሚያስቀምጡት ለዚህ ነው። ጥላው በሌላ ዓይነት ሙዚቃ ብዙ አያስቸግርም። እዚህ ግን አራት ሰዎች ዝም ብለው እርስ በርሳቸው የሚጠባበቁበት፣ ማን እንደሚገባ እነሱም የማያውቁበት ቦታ ላይ፣ ክሩ የሚመጣውን ምት አስቀድሞ ይናገራል። ሙዚቀኞቹ ይህን አልሰሙም፣ ታዳሚውም አልሰማም። በእነዚህ የዝምታ ቦታዎች ላይ ጥላውን አንድ በአንድ በእጅ ቀነስሁ፤ የታዳሚው ሳልና የብርጭቆ ድምፅ ግን ባሉበት ቀርተዋል።

ዓርብ

ቀረጻው በሸክላ እንዲወጣ የሚፈልጉ ሰዎች ደረጃ ያለው 20 ደቂቃ እንድመርጥላቸው ጠየቁኝ። ጥያቄው በቅንነት የቀረበ ነው፣ የሸክላ ገጽ ልክም እውነት ነው። ሞክሬ ነበር፤ አምስቱ ድምፆች ያሉት ሐረግ ቤዝ ጊታሩ ላይ ከሚመለስበት አካባቢ ብጀምር ጥሩ የሚባል ክፍል ይገኛል። ነገር ግን ሐረጉ መጀመሪያ ሲጣልና ማንም ሳያነሣው ሲቀር ያልሰማ ሰው መመለሱን እንደ ተራ ዜማ ነው የሚሰማው። የሚያስደንቀው ሐረጉ ራሱ አይደለም፣ ቤዝ ተጫዋቹ ለዚያን ያህል ጊዜ ይዞት መቆየቱ ነው። በመካከል ያለው ፍሬ አልባ የሚመስለው ፍለጋ፣ ፒያኖውና ጊታሩ የሚጋጩበት፣ ድራመሩ ምቱን የሚስትበት ቦታ ሁሉ፣ ከተቆረጠ የሚቀረው መልስ ነው፤ ጥያቄው ጠፍቷል። ስለዚህ መልሴ፣ ማውጣት ከተፈለገ የመጀመሪያው ክፍል በሙሉ ይውጣ፣ ለሸክላ የማይመች ከሆነም በሌላ መንገድ ይውጣ የሚል ነው። ከዚያ በፊት ግን ተጫዋቾቹ ወይም ቤተሰቦቻቸው መገኘትና መጠየቅ አለባቸው፤ እነሱ ሳይፈቅዱ የሚወጣ ነገር አይኖርም።

ሰኞ

ዋናው ፋይል፣ ሁሉም ትራኮች ሳይነኩ፣ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ተቀምጧል፤ እያንዳንዱ ፋይል ሳይለወጥ መቆየቱን የሚያረጋግጥ የቁጥር ማኅተም አለው። የማዳመጫ ቅጂው ለብቻው ነው፤ የፍጥነት ማስተካከያው ሠንጠረዥ፣ ጥላ የተቀነሰባቸው ቦታዎች ዝርዝርና ይህ ማስታወሻ አብረውት አሉ። ሪሉ መጨረሻው ከላይ ሆኖ በዝግታ ተጠቅልሎ፣ አሲድ በሌለው አዲስ ሣጥን ውስጥ ገብቷል፤ የእርሳሱ ጽሑፍ ያለበት አሮጌው ካርቶን አልተጣለም፣ ከጎኑ ተቀምጧል። ወይዘሮዋ ቅጂውን ወስደዋል፣ ሁለተኛውን ክፍልም ክሩ እስከሚያልቅበት ድረስ እንዳለ ይዘውታል፤ መጨረሻውን በዝግታ እያደበዘዝሁ እንድዘጋው አልፈለጉም፣ እኔም አልፈለግሁም።

የቀረው ሥራ ተጫዋቾቹን መፈለግ ነው። ከባህል ቤቱ የቀድሞ ሠራተኞች መካከል ትራምፔት ተጫዋቹን ያስታውሱ ይሆናል የተባሉ አሉ፤ በሚቀጥለው ሳምንት የሁለተኛውን ክፍል መግቢያ ይዤላቸው እሄዳለሁ።